ያልተቆጠረልኝ ሰዓት

ባለፈው ሳምንት ባንኩ ወደ ቤታችን የቤት ዋጋ ገማች ላከ፤ ብድራችንን ልናድስ ነበር። ሰውዬው በር ላይ ጫማውን አውልቆ ገባና ግድግዳው ላይ ቀይ የብርሃን ነጥብ እያሳረፈ ክፍሎቹን መለካት ጀመረ። ባለቤቴ ሻይ ይጠጣ እንደሆነ ሲጠይቀው እኔ ወደ ጓዳ ገባሁ። ሰው ቤት ሲለካ ቆሜ ማየት ዛሬም አልችልም።

ዲቪ ደርሶኝ ሲያትል በመጣሁ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ ገና ሠላሳ ሳልሞላ፣ ሥራዬ ይሆናል ብዬ የተነሳሁት ይኸው ነበር። ጊዜው ቤት ዛሬ ለሽያጭ ወጥቶ ነገ የሚያልቅበት ነው። ኤርፖርቱ አጠገብ ሆቴል ውስጥ አልጋ እያነጠፍኩ፣ ማታ ማታ የግምት ትምህርት ተማርኩ። ትምህርቱ ብዙም አልከበደኝም። ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ፈቃድ ያለው ገማች ሥር ሆነሽ ሁለት ዓመት ገደማ የሚፈጅ የሥራ ሰዓት ታጠራቅሚያለሽ፤ የሠራሽበትን ቤት ሁሉ ትመዘግቢያለሽ፣ እሱ ይፈርምልሻል፣ በመጨረሻ የስቴቱ ፈቃድ ሰጪ ቢሮ መርምሮ ይቆጥርልሻል። ታዲያ ነገ እንጀራውን የሚሻማውን ሰው ዛሬ ማን ቁጭ ብሎ ያስተምራል? ጎረቤት ከተማ ቤልቪው ያሉ ቢሮዎች ጋ ሁሉ ኮል አድርጌ መልሶ የደወለልኝ አልነበረም።

ጋሽ ታደለን ያገኘኋቸው ቤተ ክርስቲያን ነው። ስልሳን የተጠጉ፣ ዝምታ የሚያበዙ ሰው ነበሩ፤ ስካይዌይ ሰፈር ከሚገኘው ቤታቸው ምድር ቤት እየሠሩ ብዙ ዓመት በግምት ሥራ የቆዩ። ጉዳዬን እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣

«እኔንም ያስተማረኝ አንድ የኖርዌይ ሽማግሌ ነው፤ ዘመዴም አልነበረም» አሉኝ። «ሰኞ ነይ። ውሃ የማያስገባ ጫማ አድርጊ።»

ጫማው ለምን እንዳስፈለገ የገባኝ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። የሲያትል ዝናብ እንደኛ አገር ክረምት ወርዶ አይወጣለትም፤ ቀኑን ሙሉ እንደ ወንፊት ይነፋል። እሳቸው የሜትሩን ጫፍ ይዘው ጥግ ላይ ይቆማሉ፣ እኔ በረጠበው ሣር ላይ ቤቱን እዞራለሁ። ከወለሉ ሥር ባለው ጠባብ ክፍተት ባትሪ ይዤ በደረቴ እሳባለሁ፤ የበሰበሰ እንጨትና የአይጥ ሽታ ልብሴ ላይ ይቀራል። ነሐሴ ላይ ግን ሌላ ነው። በየአጥሩ የሚበቅለው እሾሃማ እንጆሪ ጠቁሮ ይበስላል፣ እየለቀምን እንበላና ጣታችን ቀልሞ ወደሚቀጥለው ቤት እንሄዳለን። ምሳችን ቴሪያኪ፣ የጃፓኖች የዶሮ ጥብስ በሩዝ ነበር። ረቡዕና ዓርብ ጋሽ ታደለ ከአኩሪ አተር በሚሠራው በቶፉ የተዘጋጀውን ያዝዙና «ሶ፣ ይሄ የጃፓን ሽሮ ነው» ይላሉ።

ሥራውን ወደድኩት። ሰው ቤቱን እንግዳ እንዲያየው ሲያዘጋጅ የሚደብቀውንና የሚረሳውን ማየት ለመድኩ። ከተማውን ያወቅሁት በዚያ ነው፤ የየትኛው ሰፈር ምድር ቤት ውሃ እንደሚያስገባ፣ የትኛው መንገድ ላይ አውሮፕላን ሲያልፍ መስኮቱ እንደሚንቀጠቀጥ ሳይቀር።

አንድ ቀን ያለቀ ሪፖርት ሳነብ ስሜን አጣሁት።

«ጋሽ ታደለ፣ እኔ የምጠቀሰው የት ላይ ነው?»

«ባንኮቹ ተለማማጅ የነካውን አይቀበሉም» አሉ። «ስምሽን ካስገባሁ ሥራው ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል፤ ያኔ አንቺም የምትማሪበት ታጫለሽ። የሰዓት መዝገብሽን ሳይን አደርግልሻለሁ፣ አታስቢ።»

አላሰብኩም። ያን ጊዜ ብዙዎቹ እንዲያ ነበር የሚሠሩት።

ሰዓቴ ሞልቶ ማመልከቻዬን ያስገባሁት የቤት ገበያው በወደቀበት ዓመት ነው። ስቴቱ ከመዝገቡ ጥቂት ቤቶች መርጦ ሪፖርታቸውን ጠየቀኝና ላክሁ። ከዚያ ከስቴቱ ቢሮ አንዲት ሴት ደወለችልኝ፤ ትሁት ነበረች።

«ሪፖርቶቹ ላይ ስምሽን አላገኘሁትም» አለችኝ። «የፈረሙት ሰው በየሪፖርቱ ግርጌ ማንም እንዳልረዳቸው አረጋግጠዋል። ያልተጠቀሽበትን ሥራ መቁጠር አንችልም።»

ለጋሽ ታደለ የነገርኳቸው መኪና ውስጥ ነው፣ ታኮማ ከተማ ውስጥ፣ ባንክ የወረሰው ባዶ ቤት ፊት ለፊት ፓርክ አድርገን። ሞተሩን አጥፍተው ቁልፉን ነቀሉ።

«ደብዳቤ እጽፍላቸዋለሁ» አሉ። «የለካችውም፣ ዋጋውን ያነጻጸረችውም እሷ ናት እላለሁ።»

«እርስዎንስ ምን ያደርጉዎታል?»

«እሱን ለኔ ተይው።»

«አይጻፉ፣ ጋሽ። ሌላ ሰው ሥር ሆኜ እንደገና እጀምራለሁ።»

«ማን ሥር?» አሉ። በዚያ ዓመት ቢሮዎቹ እየተዘጉ ነበር።

ጻፉ። መልሱ ከወራት በኋላ መጣ። ሰዓቱ አልተቆጠረም፤ በኋላ የተጻፈ ደብዳቤ ሪፖርቱን አይለውጠውም ተባለ። ለእሳቸው ግን ደብዳቤው በሐሰት መፈረማቸውን ያመኑበት ቃል ሆነባቸው፣ ፈቃዳቸውን ተነጠቁ። ያን ዜና ሊነግሩኝ ሲደውሉ መጀመሪያ የጠየቁኝ የኔን ሰዓት ጉዳይ ነው። «ምንም አልሆነም?» አሉ። «ምንም» አልኳቸው። ስልኩን ዘጋን።

እሳቸው የኤርፖርት ፓርኪንግ ሻትል፣ መንገደኛ የሚያመላልሰውን አውቶቡስ፣ መንዳት ጀመሩ፣ ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ነዱ። እኔ ወደ ሆቴሉ ተመለስኩ፤ ከዓመታት በኋላ ሆስፒታል የቀጠሮ ክፍል ገባሁ፣ ዛሬም እዚያው ነኝ። ገበያው ሲያንሰራራ አንድ ሁለት ገማቾች ጠይቄ ነበር። ወጣት ነው የምንፈልገው አሉኝ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ጋሽ ታደለ እውነቱን ባይጽፉ እንጀራቸው ይተርፍ ነበር፣ እኔም ያው ነበርኩ።

ዘንድሮ ክረምት ዐረፉ። የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ የትውልድ ቦታቸው፣ የተማሩበት፣ ልጆቻቸው በዝርዝር ተጠሩ፤ ሥራቸው ላይ ሲደርስ «በሹፌርነት አገልግለዋል» ብሎ አለፈ። የግምት ሥራቸውን ቤተሰቡ አፍሮበት ይሁን ራሳቸው አስወጥተውት እንደሆነ አላውቅም። ከቀብር መልስ አዳራሹ ውስጥ አንዲት የልጅ ልጃቸው አጠገቤ ተቀመጠችና በእንግሊዝኛ፣ አያቷን ከየት እንደማውቃቸው ጠየቀችኝ።

«አብረን እንሠራ ነበር» አልኳት።

«ሻትሉ ላይ?»

ልጅቷን አየኋት። ከየት ተነስቼ ምን ብዬ ልንገራት? «አዎ» አልኳት።