አስረስ የላከው ካርታ

ለተብርሃን እሳት ማንደድ እየተማረች ነው ሲባል ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። ሚዛን ተፈሪ ከመጣች ጀምሮ በበርበሬና በኮረሪማ ንግድ የምናውቃት፣ በሰፈሩ ሠርግ ሁሉ ወጥ ቤቱን የምትመራ ሴት ናት። እንዲህ ያለች ሴት እሳት ማንደድ ከማን ትማራለች? እኔም ከሳቁት አንዷ ነበርኩ። ነገሩ የገባኝ ኋላ ነው፤ ያውም ገብቶኝ ከሆነ።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ባሏ ካሕሳይ ራያ ውስጥ እህል ሊቀበል ወደ እርዳታ ጣቢያ እንደወጣ፣ እዚያው ከሌሎች ጋር በመኪና ተጭኖ ለሰፈራ ተወሰደ። እሷ ቤት ሆና እየጠበቀችው ነበር። የት እንዳደረሱት የሚነግራት አልተገኘም። ደርግ ወድቆ መንገድ ሲከፈት እያጠያየቀች ሚዛን ደረሰች፤ ካሕሳይ ግን ከሸኮ ማዶ ጫካ ውስጥ መንደር ሦስት በሚሉት ሰፈራ በወባ ከሞተ ቆይቷል። መንደሩም ተበትኗል፣ ቦታውን የሚያሳያት አልነበረም። ወደ አገሯ ባዶ እጇን መመለስ አልሆንልሽ ሲላት እዚሁ ቀረች።

በዘጠና ሁለት ዓመተ ምሕረት ያ ጫካ ለቡና እርሻ ተሰጥቷል፣ ክረምቱ ሲወጣ ሊመነጠር ነው የሚል ወሬ መጣ። ለተብርሃን እንቅልፍ አጣች። የባሏን አፅም ቀድማ አፍልሳ ሚዛን ቤተ ክርስቲያን ካላሳረፈችው ዶዘር ሊሄድበት ነው። ከዚያ መንደር በሕይወት ወጥቶ አገሩ የገባ አስረስ የሚባል የካሕሳይ ጓደኛ እንዳለ ሰምታ በሹፌሮች በኩል ላከችበት። አስረስ እግሩን ታሞ መምጣት ስላልቻለ ካርታ ሥሎ ሰደደላት፤ አንድ ወንዝ፣ አንድ መንገድ፣ ሁለቱ ከሚገናኙበት አለፍ ብሎ ጥቂት ዛፎች፣ በዛፎቹ መሃል መስቀል። ሌላ ምንም የለበትም።

ወረቀቱን ይዛ የጂኦግራፊ መምህሩ ብርሃነመስቀል ዘንድ ሄደች። ከጎጃም የመጣ ደግ ልጅ ነው፤ ሲያስረዳ ግን ሰው ያደክማል። የትምህርት ቤቱን ካርታ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ሰሜን ከላይ ነው አላት። ሰሜን አገሯ መሆኑን ታውቃለች፣ ከላይ መሆኑ ነው የጨነቃት። ቤቴ የት ጋ ነው ስትለው ጣቱን አሳረፈ፤ ከጣቱ ሥር መላው ቤንች ስለነበር ቤቷን ከዚያ ሁሉ አገር መሃል እንዴት እንደምትለይ ጠየቀችው። ደግሞ ወንዙ ለምን ሰማያዊ ሆነ? እኛ የምናውቀው ጭቃ ነው የሚመስለው። ማታ ቤት ስትገባ ከሄደችበት የባሰ ግራ ገብቷት ነበር።

የአስረስን ካርታ ግን መምህሩ ወዲያው ፈታው። ዛፍና መስቀል አንድ ላይ ሲታይ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ካርታ ሁሉ እንዲህ ነው አለ። እሷም አመነች። እሷ አገር ሜዳው ራቁቱን ነው፤ ዛፍ ተሰብስቦ የሚታይበት ቦታ ቤተ ክርስቲያን ነው።

እሳቱ የመጣው በባየ ነው። ባየ የሆሳዕና ሰው ነው፣ በየጫካው መንደር እየዞረ ማር ይገዛል። ሸኮን አልፌ እወስዳችኋለሁ፣ ግን እሳት ማንደድ የማይችል ሰው ይዤ አልገባም አለ። ለተብርሃን ተቆጣች፤ ክብሪት መጫር ጠፍቶኝ ነው ወይ አለችው። ክብሪቱ ሞልቷል፣ የሚጠፋው የሚነደው ነው አላት። እውነትም ጓሮዋ ውስጥ ዝናብ ከጠጣ ግንድ ጋር ስትታገል ጭስ እንጂ እሳት አላየንም። ባየ ግንዱን ፈልጦ ደረቁን ከልቡ ማውጣት፣ በቢላ እንደ ወረቀት አሳስቶ መላጥ፣ ትንሽ ሰም ከሥሩ ማድረግ አሳያት። ሰሙን ቀድማ ትጨርሰዋለች፣ ወይም እፍ እፍ ስታበዛ እሳቱን ታጠፋዋለች። ጎረቤቱ በአጥር ላይ ሆኖ ይስቃል።

መስከረም እንዳለቀ ለአፅሙ የሚሆን ትንሽ የእንጨት ሣጥን አሠርታ ከባየና ከመምህሩ ጋር ሄደች። መምህሩ እንዳለው ከሸኮ ማዶ ዛፍ የከበባት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አገኙ። ለተብርሃን ደጁን ስማ አለቀሰች። ቄሱ ግን ካሕሳይ የሚባል ሰው አናውቅም፣ ቤተ ክርስቲያኗም የተተከለችው ሰፈራው ከተበተነ ወዲያ ነው አሉ። መምህሩ ካርታውን አዞረው፣ መልሶ አዞረው። ባየም መንገዱ በፊት በዚህ ነበር እያለ ጫካ ውስጥ ካስገባቸው በኋላ የሚያውቀው መንገድ ጠፋበት። ወንዝ አገኙ፣ የትኛው ወንዝ እንደሆነ ግን ሦስቱም ሦስት ነገር አሉ።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። ሲያባራ ልብሳቸው በላያቸው ላይ ቀዝቅዞ መምህሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ባየ ቆርጦ ቆርጦ የሚነድ አጣ። ዛፉ ሁሉ ቀጭን ነው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ውፍረት፣ ሲፈለጥ ውኃ ነው የሚተፋው።

"ይሄ ጫካ ገና ልጅ ነው፣ እትዬ" አላት። "ዕድሜው ካንቺ በርበሬ ንግድ አይበልጥም። ደረቅ የሚገኘው ከሽማግሌ ዛፍ ሥር ነው።"

ለምን ልጅ እንደሆነ የጠየቀ የለም። እሷ ሽማግሌ ዛፍ ፍለጋ በቀጭኖቹ መሃል እየተሹለከለከች ሄደች፤ ብዙም ሳትርቅ ሰማይ የነኩ የቀረሮ ዛፎች አንድ ላይ ቆመው አገኘች። ከሥራቸው የወደቀ ደረቅ ቅርንጫፍ ሞልቷል። ጎንበስ ብላ ስትለቅም እጇ ድንጋይ ነካ። ድንጋይ በሌለበት አገር፣ ከወንዝ የመጣ ክብ ክብ ድንጋይ፣ ተከምሮ።

ያኔ ገባት። ሰፋሪዎቹ ለበቆሎ አገሩን ሁሉ ሲመነጥሩ እነዚህን ብቻ አልነኩም፤ ሬሳቸውን እንደ አገራቸው በዛፍ ጥላ ሥር ለማሳረፍ። አስረስ የሣለው ያኔ ያየውን ነው፤ ባዶ ሜዳ ላይ ጥቂት ዛፎች። እነሱ ሲሄዱ ጫካው ተመልሶ በቀለና ሸፈነው። ካሕሳይን አገኘሁት ብላ ሣጥኑን ልታመጣ ብድግ ስትል ሌላ ክምር አየች። ከዚያ ሌላ። ከቀረሮዎቹ ሥር እስከ ወንዙ አፋፍ ድረስ፣ ትልቁም ትንሹም፣ የሕፃንም፣ ስም የለ ምልክት የለ። አስረስ አንድ መስቀል ብቻ የሣለው ስለ አንድ ሰው ብቻ ስለተጠየቀ ነው።

ባየና መምህሩ ሲደርሱ ቁጭ ብላ እያለቀሰች እንጨቱን በቢላ ትልጥ ነበር። የትኛውን እንቆፍር ብለው ሊጠይቋት ፈሩ። እሳቱን ራሷ አነደደችው፣ ያለ ሰም። ሦስቱም ልብሳቸው እስኪደርቅ ሞቁ። ሣጥኑን ባዶውን ተሸክማ ተመለሰች፤ እኛም መቃብሩን አጥታ ነው ብለን አዘንንላት።

እሷ ግን ምንጣሮው ሊጀመር ሲል መምህሩን ይዛ ወደ እርሻው ቢሮ ሄደች። ቀያሹ ወጣት ነው፣ ሰው አክባሪ። አብሯቸው ወርዶ ቦታውን አየ፣ ባርኔጣውን አወለቀ። የአንድ ሰው መቃብር ከልሎ መተው ከባድ እንዳልሆነ፣ ይህን ሁሉ ቦታ ግን በራሱ ሥልጣን መተው እንደማይችል በትሕትና አስረዳት።

"የባለቤትዎን ያሳዩኝና ችካል ልትከልበት" አላት። "የትኛው ነው?"

"ሁሉም" አለችው።

ቀያሹ ግራ ገብቶት ወደ መምህሩ ዞረ። ውሸት የማያውቀው ብርሃነመስቀል ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ካየ በኋላ፣ አዎ፣ ሁሉም ባሎቿ ናቸው አለ።