የአያቴ ግራ ክንድ

አያቴን አፈር ካለበስናቸው ወር ሞላ። ለድኩላ አደን የፍላጻ ብረት ለመምረጥ አልዩ አምባ ገበያ ስንወርድ፣ የእያንዳንዱን ስለት በግራ ክንዳቸው ፀጉር ይሞክሩት ነበር። ክንዳቸው እንደ ሕፃን ገላ ልሙጥ ነበር። ስለታሙን ሁልጊዜ ለታናሽ ወንድሜ፣ ዱልዱሙን ለእኔ ይሰጡ ነበር።

አንድ ቀን ቅናቱ አላስችል ብሎኝ፣ «ለምን አባባ?» አልኳቸው።

«አንተ ስለት መሳል ታውቃለህ፤ እሱ አያውቅም» አሉኝ።

ትናንት ወንድሜ ብረቱ ዶልዱሞበት መጣ። አያቴ ይቀመጡበት ከነበረው፣ ከሞቱ ወዲህ ማንም ደፍሮ ካልተቀመጠበት ድንጋይ አጠገብ ቆሜ በሞረድ ሳልኩለት። በግራ ክንዴ ብሞክረው ፀጉሬን ሙልጭ አድርጎ ላጨው። ወንድሜ ክንዴን አይቶ አለቀሰ።

ብረቱን ስመልስለት አሁንም ቀናሁበት። እሱ ዛሬም ስለታሙን የሚሰጠው ሰው አለው።