ግድግዳዬን የምታፈርሰው ፎርማን

ልስን ሠራተኛ ነኝ። ግድግዳ ለስኜ ሳበቃ ወደ ኋላ ሸሸት ብዬ በአንድ ዓይኔ አየዋለሁ፤ ያን ጊዜ ማንም እንዲያናግረኝ አልፈልግም። በሥራ ዘመኔ ደሜን እንደ አንዲት ሴት ያፈላው ሰው የለም። የኤሌክትሪሺያኖቹ ፎርማን ናት። ሠራተኛው «መዶሻ» ይላታል። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ አልጸጸትም።

አመሏ እንዲህ ነው። ግድግዳ ውስጥ በተቀበረ ቱቦ የሚያልፍ ሽቦ ሁሉ በአንድ እጅ ሲሳብ ሽር ብሎ መምጣት አለበት። ግራ እጇን ኪሷ ትከትና በቀኟ ትስባለች። ከመጣ ታልፋለች። እምቢ ካለ የእኔ ግድግዳ አለቀለት! «ጋሼ፣ ይቅርታ» ትላለች፤ መዶሻው ግን መልሴን አይጠብቅም። ሽቦ የሚቀጠለው ሰው ከፍቶ በሚያየው የማገናኛ ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው። ቅጥሉን ቱቦ ውስጥ የደበቀ ከእሷ ጋር አይሠራም። ይህን ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ ገና ሰላም ሳትለው ትነግረዋለች።

ታናሽ ወንድሟም በሥሯ ይሠራ ነበር። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ሙያውንም ያስተማረችው እሷው። እጁ ፈጣን፣ ጨዋታ አዋቂ ነው። በዚያ ሰሞን ሊያገባ ሽር ጉድ ይላል።

የምንሠራውን ክሊኒክ በምናስረክብበት ዋዜማ የሕፃናቱን ክፍል ልታይ ገባች። ልስኑ አልቆ፣ ቀለሙ ደርቆ፣ እኔም እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ በኩራት ቆሜያለሁ። ሶኬቱን ፈታች፣ ግራ እጇን ኪሷ ከተተች፣ ሳበች። ሽቦው ንቅንቅ አላለም። ደግማ ሳበች።

«ይሄን ክፍል ማነው የሠራው?»

ወንድሟ በሩ ላይ ቆሟል። ፊቱ ልውጥ አለ።

«እትዬ፣ ሽቦው አጠረኝና ትንሽ ቀጠልኩበት። በናስትሮ ጥብቅ አርጌ ጠቅልዬዋለሁ። ደሞ ማን ያየዋል?»

መዶሻውን አነሳች። መሃል ገባሁ።

«ኧረ በፈጠረሽ! ወንድምሽ እኮ ነው፣ ሊያገባ ነው። እኔም አላየሁ፣ አንቺም አላየሽ።»

«ጋሼ፣ ናስትሮው ሲላላ ሽቦው ይግላል። እዚህ ጋ አልጋ ነው የሚገባው። የማንን ልጅ ላስተኛበት?»

ግድግዳዬን ፈለጠችው። ቅጥሉ ቱቦው መታጠፊያ ላይ ተወትፎ ተገኘ። ቆርጣ አወጣችው፣ አዲስ ሽቦ አስገባች፣ ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞራ «ዕቃህን ሰብስብ» አለችው።

እንባውን ዋጥ አድርጎ ወጣ። እሷ እሱ የሠራቸውን ክፍሎች ሽቦ በሙሉ ስትስብ ዋለች፤ ሌላ የተደበቀ አልነበረም። እኔም እያጉረመረምኩ ቀዳዳዬን ለሰንኩ።

ማምሻውን ስንወጣ አጥሩ ሥር ቁጭ ብሎ አገኘነው። የሚኖሩት አንድ ቤት ነው። ቁልፉን በእጁ ይዟል፤ ግን ጠብቋታል።

«ተናደሽብኛል?»

«በጣም!»

«ሌላ ቦታ ሥራ ስጠይቅ፣ ለምን ወጣህ ሲሉኝ ምን ልበል?»

«እውነቱን ንገራቸው። ከዛ የሠራኸውን በአንድ እጅ እየሳብክ አሳያቸው።»

ይህን ብላ የመሣሪያ ቦርሳውን ከትከሻው ወሰደችና ራሷ ተሸክማለት መንገድ ጀመረች።