የአለቃዬ አፍንጫ

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ ማጠብ ነበር። ሳህን አይደለም፤ የሳኬ ዕቃ። ሳኬ ከሩዝ የሚጠመቅ የጃፓኖች መጠጥ ነው፤ የሚቀዳበት አንገተ ቀጭን የሸክላ ዕቃ ቶኩሪ ይባላል። የተቀጠርኩት ካናዳ፣ ካልጋሪ መሀል ከተማ፣ ምድር ቤት ውስጥ ባለች ባለ ሃያ ሁለት ወንበር ኢዛካያ ነው። ኢዛካያ ማለት ሰው ከሥራ ወጥቶ እየጠጣ፣ በትንንሽ ሳህን ምግብ እያዘዘ የሚጫወትበት ቤት ነው። ጊዜው በፈረንጆቹ የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። ዕድሜዬ ሠላሳ አንድ፣ እንግሊዝኛዬ ግማሽ፣ ጃፓንኛዬ ባዶ።

ሥራውን ያገኙልኝ ጋሼ ኪዳኔ ናቸው። አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ቴምፕል በሚባለው ሰፈር ከኛ ሁለት በር አለፍ ብለው የሚኖሩ፣ እዚያ ኩሽና አራት ዓመት የሠሩ ሰው ነበሩ። ባስ ላይ ምክር ሰጡኝ።

«ትርሲት፣ ሰውየው ክፉ አይደለም። አፍንጫው ግን ጉድ ነው። ቶኩሪውን በሳሙና እንዳታጥቢ፣ ያውቅብሻል።»

እውነታቸውን ነበር። አለቃችንን ሁላችንም ታይሾ ነበር የምንለው፤ ጃፓኖች የእንዲህ ያለ ቤት አለቃን የሚጠሩበት ስም ነው። ያጠብኳቸውን አሥር ቶኩሪዎች አንድ በአንድ አሸተተና ሦስቱን መለሰልኝ። እኔ ባሸታቸው ባሸታቸው ምንም የለም። «እንደገና» አለኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።

አንድ ዓመት ካጠብኩ በኋላ ወደ ማሞቂያው አሳደገኝ። ሳኬ ሞቆም ይጠጣል፤ ማሞቂያው ሙቅ ውሃ የሚይዝ የመዳብ ሣጥን ነው። ቶኩሪውን አንገቱ ድረስ ታስገቡታላችሁ። እስከ አፉ አይሞላም፤ ሳኬው ሲሞቅ ከፍ ይላልና። ደረጃው ሦስት ነው፦ ለብ ያለ፣ ሞቅ ያለ፣ ትኩስ። ቴርሞሜትር ነበረን፣ ታይሾ ግን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበትና «ጣትሽ ይማር» አለኝ። የቶኩሪውን ታች በመሀል ጣት መንካት ነው። ለብ ያለው እምብዛም አይሰማም፤ ሞቅ ያለው ለጣት ደስ ይላል፤ ትኩሱ ጣት ያስነሣል። ይህን እስክለይ ክረምቱ አለቀ።

ማሞቂያው ላይ የቆመ ሰው ባንኮኒው ጋ ለተቀመጠ እንግዳ የመጀመሪያዋን ስኒ ራሱ ይቀዳል። የኔ የመጀመሪያ እንግዳ ሚስተር ሞሪ ነበር። እዚሁ አልበርታ የተወለደ ጃፓናዊ ነው፤ ጡረታ ወጥቶ ኦኮቶክስ የምትባል የቅርብ ከተማ ይኖራል፣ በወር አንዴ ሚስቱ እየነዳች ታመጣዋለች። የታይሾ የልብ ወዳጅ ነው። ቶኩሪውን አወጣሁ፣ በፎጣ ጠረግኩ፣ ከዚያ እጄ የለመደውን ሠራ። መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩና ቀዳሁለት።

ሰውየው ክው አለ። ታይሾ ክንዴን ይዞ ወደ ኩሽና አስገባኝ።

«የእንግዳ ሳኬ ትጠጫለሽ?»

«ቀምሼ ነው» አልኩት። «እኛ አገር አሳላፊ ሳይቀምስ አይሰጥም። ክፉ ነገር ካለበት በኔ ይጀምር ማለት ነው።»

«እኔ ቤት መርዝ አለ?»

ታይሾ ቀጥሎ «ሄልዝ ኢንስፔክተር ቢያይሽ ቤቴን ይዘጋዋል» አለና ለሁለት ሳምንት ወደ ሲንኩ መለሰኝ። ጋሼ ኪዳኔ ሳቃቸውን እየታገሉ «ሠርግ ቤት መሰለሽ እንዴ?» አሉኝ። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም፤ አፍሬ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ፊት ቀምሼ አላውቅም።

በሦስተኛው ክረምት፣ ገና ሲቃረብ፣ ታይሾን ከባድ ጉንፋን ጣለው። በሳምንቱ ተነሣ፣ ሥራ ገባ፣ ቶኩሪዎቹን አሸተተ፣ አሥሩንም አሳለፈ። በማግሥቱም አሥሩንም። ቶኩሪ ማጠቡ አሁንም በኔ ነበርና፣ ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ደስ አለኝ። ጋሼ ኪዳኔ ግን ተንኮለኛ ናቸው። አንዱን ሆን ብለው በሎሚ ሳሙና አሹትና፣ ሳያለቀልቁት ከሌሎቹ ጋር ደረደሩት። ታይሾ አንሥቶ አሸተተው፣ መልሶ አስቀመጠው። ሁለታችን ተያየን።

«አፍንጫው ሄዷል» አሉኝ ሺፍታችን ሲያልቅ።

«እንንገረው?»

«አብደሻል? ሰውየው እንጀራው አፍንጫው ነው። የትልቅ ሰው ጉድ ይሸፈናል እንጂ ይነገራል?»

ልክ መሰለኝ። በእንግሊዝኛ አንቱ የሚባል ነገር የለም፤ እኔ ለአለቃዬ ያለኝን አክብሮት የምገልጸው ዝም በማለት ነበር።

እናም ሸፈንነው። አዲስ ጠርሙስ በመጣ ቁጥር ከመጋረጃው ጀርባ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ እቀምሳለሁ። የተበላሸ ካገኘሁ ሲንክ ውስጥ እደፋውና «አምልጦኝ ተደፋ» እላለሁ። ጋሼ ኪዳኔ ደግሞ፣ አፍንጫው የሄደ ሰው ጣዕሙም ይጠፋበታልና፣ እንቁላልና ፍጅል የሚቀቀልበትን ሾርባ ይቀምሳሉ፤ ጨው በዝቶ ከሆነ ታይሾ ዞር ሲል ውሃ ይጨምሩበታል። ሁልጊዜ አይደርሱበትም። ታይሾ ስሜን በጃፓን ወግ አሳጥሮ «ቲሪ-ሳን፣ ዘንድሮ እጅሽን ምን ነካው?» እያለ ይቆጣኛል፤ እኔም ቁጣውን ዋጥ አደርጋለሁ። እውነቱን ልናገርና ኩራትም ነበረኝ። ቤቱን ደግፌ የያዝኩት እኔ መሰለኝ።

ሦስት ወር እንዲህ ሄደ። ከዚያ ሚስተር ሞሪ ሰባ ሰባት ዓመት ሞላው። ሰባ ሰባት ለጃፓኖች ትልቅ በዓል ነው። አንድ ቅዳሜ፣ ገና በር እንደተከፈተ፣ ከሚስቱና ከአራት ወዳጆቹ ጋር መጥቶ ባንኮኒው ጋ ተቀመጠ። ታይሾ ለዚያ ቀን ብሎ ያስቀመጠው ጠርሙስ ነበረው። ፍሪጅ ውስጥ መቀመጥ ያለበት ዓይነት ነው። በጉንፋኑ ሰሞን ፍሪጁ ሲሞላበት አውጥቶ ከምድጃው በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ አስቀምጦት፣ መመለሱን ረስቶት ነበር፤ ጠርሙሱ እዚያው ከርሟል። በዚያ ቅዳሜ ለኔ አልሰጠኝም። ራሱ አወረደው፣ እንግዶቹ ፊት ከፈተው፣ ስድስቱንም ስኒ በራሱ እጅ ቀዳ።

ሽታው እኔ ካለሁበት ደረሰ። የከረመ ጎመን ነው የሚሸተው። ጋሼ ኪዳኔ ከኩሽናው በር ብቅ ብለው አዩኝ። ስድስት ስኒ እስኪቀዳ ጊዜ ነበረኝ፤ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እንግዳ ፊት እንዴት አዋርደዋለሁ ብዬ ዝም አልኩ።

ሚስተር ሞሪ ስኒውን አነሣ፣ ጭልጥ አደረገው። «ጥሩ ነው» አለ። ሚስቱም ጠጣች፣ አራቱም ጠጡ። ታይሾ ደስ ብሎት ሊደግማቸው ጠርሙሱን አነሣ። ስድስቱም በአንድ ጊዜ ስኒያቸውን በእጃቸው ከደኑ።

እጆቹን አየ። ለራሱ ቀዳ፣ አሸተተ፣ ጠጣ። ፊቱ ላይ ምንም አልተለወጠም። ከዚያ ጠርሙሱን ወደኔ ዘረጋ።

«ቲሪ-ሳን፣ ቅመሺ።»

መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩ።

«እንዴት ነው?»

«ተበላሽቷል» አልኩ።

«አፍንጫዬን ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ከጉንፋኑ ጀምሮ።»

«የተደፉት ጠርሙሶችስ?»

«አውቄ ነው የደፋኋቸው።»

ወደ ሚስተር ሞሪ ዞረ። ጎንበስ ብሎ በእንግሊዝኛ፣ እኛም እንድንሰማ ይመስለኛል፣ «ይቅርታ፣ አፍንጫዬ ከገና ወዲህ አይሠራም» አለው።

«እናውቃለን» አለ ሚስተር ሞሪ። «ሾርባህ ከዚያ ጀምሮ ጨው ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

ሚስተር ሞሪ «ኤንርዮ» የሚል አንድ የጃፓን ቃል ተናገረና አቀረቀረ። ትርጉሙን በኋላ ሚስቱን ጠየቅኳት፤ ስታስረዳኝ ይሉኝታ መሆኑ ገባኝ።

ታይሾ ራሱ ላይ ያሰረውን ፎጣ ፈታና የእንግዳ ወንበር ላይ ተቀመጠ። በሦስት ዓመት ውስጥ እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም። ዓይኑ ቀልቷል። ለሁላችንም የሚሆን አንድ ነገር ብቻ ተናገረ።

«ብትነግሩኝ ኖሮ ዛሬ ሞሪን ጥሩ ሳኬ አጠጣው ነበር። ሰባ ሰባት ዓመት አንድ ጊዜ ነው።»

ጋሼ ኪዳኔ ወደ ኩሽና ተመለሱ። እኔ መሬት መሬት እያየሁ ቆምኩ። ሰውየውን ከውርደት ያዳንኩት መስሎኝ ሦስት ወር ሙሉ ውርደቱን ሳበስልለት ነው የከረምኩት።

አላባረረኝም። ሰኞ ዕለት ማሞቂያው አጠገብ አንዲት ትንሽ ስኒ አስቀመጠልኝ። ጠርሙስ በተከፈተ ቁጥር ሰው ፊት ይዘረጋልኛል፣ እቀምሳለሁ፣ «ይሁን» ወይም «አይሁን» እላለሁ። ሾርባውንም እንዲሁ። ቤቱን እስኪዘጋ ድረስ አምስት ዓመት እንደዚህ ሠራን። አፍንጫው አልተመለሰም።

ወደዚህ ሙያ ለምትገቡ የምለው አጭር ነው። የአለቃችሁን ጉድለት ካወቃችሁ፣ ባወቃችሁበት ቀን፣ ለብቻው ንገሩት። እኔ ልናገር የምችልበት ዘጠና ቀን ነበረኝ፤ አንዱንም አልተጠቀምኩበትም።