ሕመምተኛ ሆኜ የተቀጠርኩበት አገር

የስዊድንን ሐኪሞች ከሕመምተኛ ጋር መነጋገር ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ እኔ አለኸኝ፣ የቡሬው! ይህን እስከ ፍኖተ ሰላም አስወሩልኝ። ሐኪሞቹ ግን የአንድ ጤና ጣቢያ ብቻ መሆናቸውን፣ ያስተማርኩትም አልጋ ላይ ተጋድሜ እያቃሰትኩ መሆኑን ለማንም እንዳትነግሩ።

ከቡሬ የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው። አውቶቡሱ ላይ የበርበሬ ጆንያ ሲጫን እማየ ወደ መስኮቱ ተጠግታ፣ «ብትታመም እንዳትደብቀኝ፤ እኔም አልደብቅህም» አለችኝ።

«እኔን በሽታ አይደፍረኝም!» አልኳት። ገና ከቡሬ ሳንርቅ ሁለት ጊዜ አስመለሰኝ።

ሱዳንን፣ በረሃውን፣ ባሕሩን አለፍኩ። ስለ ባሕሩ ቀልድ የለኝም።

ስዊድን የገባሁት በሰኔ ነው። በእኛ ሰኔ ጭቃው ጫማ ያስወልቃል፤ እዚያ ፀሐይዋ መግቢያ ጠፍቷት ትንከራተታለች። ድንች አለ፣ በርበሬ የለም። አንቱታም የለም፤ ሽማግሌውም ቄሱም «አንተ» ነው።

ሥራ አስቀጣሪዋ ሴትዮ፣ «አገርህ ምን ትሠራ ነበር?» አለችኝ።

«የእህል ደላላ ነበርኩ። ነቀዝ የበላውን በቆሎ ‹ትናንት የተፈለፈለ ነው› እያልኩ አስማማለሁ።»

«ትዋሻለህ ማለት ነው?»

«ኧረ እመቤቴ! አስማማለሁ!»

ሳትስቅ ጻፈች። «መታመምስ ትችላለህ?»

ጤና ጣቢያውን ቮርድሴንትራል ይሉታል። ሐኪሞቹ አነጋገር የሚለማመዱበት፣ ሕመምተኛ መስሎ የሚተውን ሰው ይፈልጉ ነበር፤ ተቀጠርኩ። ኤሪክ የሚባል ወጣት ሐኪም ዐይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል «ካንሰር ነው» አለኝ፤ እንደ ድንቻቸው፣ ያለ ጨው። ልምምዱ ሲያልቅ አስተያየት ስጥ አሉኝ።

«ልጄ» አልኩት፣ «በእኛ አገር መርዶ የሚነግር ሰው መጀመሪያ ይቀመጣል። አጠገብህ ማን እንዳለ ያያል። ከዚያ ቀስ ብሎ ይናገራል። ተናግሮም አይሮጥም።»

በዚያው ሳምንት እህቴ የሻረግ ከቡሬ ደወለች። «ወንድም ጋሼ፣ እማየን ሆዷን አሟት ሐኪም ቤት ወስደናት ነበር። ካንሰር ነው አሉ። ለእሷ እንዳይነግሯት ለምነን፣ ጨጓራ ነው ብለናታል። አንተም አደራ!»

በማግስቱ ልምምድ ላይ ኤሪክ ወንበሩን ስቦ ተጠጋኝ። «ስለ ሕመምህ ምን ሰምተሃል? የፈራኸው ነገር አለ?» ብሎ ዐይን ዐይኔን አየኝ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። የሚያዩት ሐኪሞች ሁሉ «ምን ዓይነት ተዋናይ ነው!» ብለው አጨበጨቡልኝ።

ባለፈው እሑድ ስደውል እማየ ሞባይሉን ከየሻረግ እጅ ነጥቃ ጓዳ ገባች።

«አለኸኝ፣ ከሐኪም ጋር ነው የምትውል አሉ።»

«እኔማ አስተማሪያቸው ነኝ!»

«እንግዲያ ንገረኝ። ጎረቤቱ ሁሉ እንቁላል ይዞ ይጠይቀኛል። ብቅ ስል ወሬው ይቆማል። ለጨጓራ እንዲህ የሰው ዓይን በልቅሶ አይቀላም። የምሞት እንደሆን ልወቀው፤ የንስሐ አባቴን ላስጠራ፣ ለየሻረግም የምላት አለኝ። አንደባበቅም ተባብለን አልነበር?»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ምን ተብሎ እንደሚጀመር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

«እማየ... አይሰማም... መስመሩ...»

«ለእኔ ይሰማኛል እኮ ልጄ።»

መስመሩ ጥርት ያለ ነበር። ሽው ሽው የሚል ነፋስ ስልኩ ላይ በአፌ የነፋሁት፣ ስልኩንም የዘጋሁት እኔ ነኝ።