ግማሹ የአባት፣ ግማሹ የልጅ

አሶሳ ገበያ ዳር፣ ከጋሪ ማቆሚያው ጎን፣ ካሣዬ ከወስፌና ከጠፍር ጋር ሲታገል አርጅቷል። የተበጠሰ ልጓም ይቀጥላል፣ የላላ እርካብ ያጠብቃል፣ ጅራፍ ይጎነጉናል። ባጃጅ ከበዛ ወዲህ ፈረሰኛው ሳስቷል፤ እሱ ግን «ባጃጅ ዳገት ላይ ያለቅሳል» እያለ ይጽናናል። «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» የሚለውን ተረት ደግሞ እሱ ፊት የሚተርት ሰው ወዮለት። ጠፍሩ ስንት ቀን ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ ስንት ጊዜ ሞራ ጠጥቶ ጅራፍ እንደሚሆን ያላየ ሰው ያወጣው ተረት ነው ይላል።

በልጅነቱ ከወሎ በሰፈራ የመጣ ሰው ነው፤ ቤቱ ከከተማው ወጣ ብሎ በሰፋሪዎቹ አምባ ውስጥ ነው። ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ያላለቀ ጅራፍ አንገቱ ላይ ይጠመጥማል። ያለ ጅራፍ ያዩት ቀን ጎረቤቶቹ «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» ይሉታል።

አንድ ክረምት የጀመረውን ጅራፍ ትቶ እንግዳ ሊቀበል ቢነሣ፣ ልጁ እዩኤል ተቀብሎ ጨረሰው። እዩኤል ግራኝ ነው። አባት ወደ ቀኝ፣ ልጅ ወደ ግራ ስለሚጎነጉኑ የጅራፉ ጉንጉን መሐሉ ላይ ዞረ። ካሣዬ ይፈታ አለ። ሚስቱ ብዙወርቅ ግን «ግማሹ የአባት፣ ግማሹ የልጅ፤ ምን ይወጣለታል?» ብላ ስቃ ምሰሶው ላይ ሰቀለችው። እዩኤል አህያውን ይዞ ወርቅ ወደሚቆፈርበት ወደ ኩርሙክ ሲሄድ ያንኑ ጅራፍ ይዞ ሄደ። መጀመሪያ ይደውል ነበር፤ ኋላ ስልኩ ዝም አለ፤ ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው። ብዙወርቅ ጅራፉ ተሰቅሎበት የነበረውን የምሰሶውን ሚስማር አልነቀለችም። ሌላ ዕቃም አታሰቅልበትም።

ቅዳሜ ዕለት ማህጁብ የሚባል የበርታ ሰው አንድ ጅራፍ ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ ይሄ ጫፉ ተቆርጧል። ፍታ፣ እንደ አዲስ ሥራ።»

ካሣዬ ተቀብሎ ከእጀታው ጀምሮ በአውራ ጣቱ እየዳበሰ ወረደ። መሐሉ ላይ ሲደርስ ጉንጉኑ ዞረ። ጣቱ እዚያው ቆመ።

«ከየት አመጣኸው?»

«ኩርሙክ። ወርቅ ጋ። አንድ ልጅ ነበር፣ የእናንተ አገር ሰው። አህያ አለው፣ ውኃ ያመጣል ለእኛ። ጥሩ ልጅ፣ ወላሂ። አንድ ቀን ጉድጓድ ገባ፣ አፈር ወደቀ። እኛ ቆፍረን አወጣን፣ ግን ሞቷል። እኛ ቀበርን። ጅራፉ ለእኔ ቀረ።»

«ስሙስ?»

«እዩኤል። አባቱን አናውቅም፣ ቤቱን አናውቅም። ለማን ይነገራል?» ማህጁብ የካሣዬን ፊት አየት አደረገ። «ታውቀዋለህ?»

«እጁን ዐውቀዋለሁ» አለ ካሣዬ።

መርዶ እንዲህ አይነገርም። መርዶ የሚነገረው በንጋት ነው፤ ሽማግሌ ቀድሞ ገብቶ፣ ደጋፊ በግራና በቀኝ ቆሞ። ማህጁብ ግን መርዶ ነጋሪ መሆኑን መች ዐወቀ? ካሣዬም አልፈረደበትም፤ ልጁን ከአፈር ያወጡት እነዚህ እጆች ናቸው። የተቆረጠው የልጁ ወገን ስለነበር፣ ለመጠገን የልጁን ጉንጉን መፍታት ግድ ይላል። ካሣዬ ከሰቀላቸው ጅራፎች የሚበልጠውን አውርዶ «ይሄን ውሰድ፣ ያ ለእኔ ይቅር» አለው። ማህጁብ ግራ እንደተጋባ አመስግኖ ሄደ።

ካሣዬ ዕቃውን እንኳ በወጉ ሳይሰበስብ ወደ ዕድሩ ዳኛ ወደ ጃለታ ቤት ሄደ። እዚያ አለቀሰ። ጃለታ እስኪወጣለት ጠብቆ «እንግዲህ ቻለው» አለው። «ዛሬ ለብዙወርቅ ምንም እንዳታሳያት። ልቧን ያማታል። ነገ ንጋት ላይ ሽማግሌዎቹንና ሴቶቹን ይዤ እመጣለሁ። ሰው ደግፏት ትስማ።»

ካሣዬ እሺ አለ። መንገድ ላይ ፊቱን ታጠበ። ልቡ ተሰብሯል፤ ግን ልጁን የሚያለቅስበት ቀን ነገ ነው። ለዛሬ ከእሱ የሚፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንደ ሁልጊዜው ሆኖ ቤቱ መግባት። «ደህና ዋልሽ» የሚለውን ቃል እስኪስተካከልለት ድረስ ለብቻው እየደጋገመ ሄደ።

ብዙወርቅ ደጃፍ ተቀምጣ ማሽላ ታበጥራለች።

«ደህና ዋልሽ» አለ። ድምፁ አልከዳውም።

ቀና አለች። ፊቱን ግን አላየችም፤ ያየችው አንገቱን ነው። ያንኑ መሐሉ ላይ የዞረ ጅራፍ እንደ ወትሮው ጠምጥሞት ነበር። እሱም አላሰበው፣ ጃለታም ልብ አላለው፤ ካሣዬ አንገት ላይ ያለ ጅራፍ ማን ልብ ይላል?

ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ፤ ማሽላው ተበተነ።

«መጣ?» አለችና ሳቀች። «ጅራፉን ለአባቱ አሸክሞ! አህያውን ከታች እያሰረ ነው አይደል? ምናለ አስቀድመህ ብትልክብኝ፣ ምንም እኮ አልሠራሁለትም።»

ነጠላዋን እያጣፋች በአጠገቡ አልፋ ወደ መንገዱ ሮጠች። ካሣዬ ሊጠራት አፉን ከፈተ። እሷ ግን ከታች፣ የልጇን ስም እየጠራች ነበር።