ነገ በራችሁን ቀስ አድርጋችሁ ዝጉ

ዛሬ ጠዋት ከቡሬ ተደወለልኝ። "እትዬ ይርጋለም አረፉ" አሉኝ።

"የትኛዋ ይርጋለም?" አልኩ። ሌላ ይርጋለም የማውቅ ይመስል።

ባለፈው ሳምንት እኮ እዚሁ ሱቄ ደጃፍ ቆመው በርበሬዬን እያሸተቱ "ይኼ እርጥበት አለው" ሲሉ ያጣጥሉብኝ ነበር። እንዴት ብዬ ልመን?

ለማታውቋቸው፦ እትዬ ይርጋለም እዚህ ፍኖተ ሰላም ለመምህራን ሥነ ልቦና ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። የሚያስተምሩት ስለ ልማድ ነበር፤ ሰውም እንስሳም አንድን ነገር እንዴት እንደሚለምድ፣ እንዴትስ እንደሚተው። "ሆድ ውስጥ ያለውን እግዜር ይየው፤ እኛ እጅና እግሩን እንይ" ይሉ ነበር። ለነጋዴ የሚስማማ ትምህርት ነው።

እኔ ግን በደንብ ያወቅኳቸው በልጄ በሶስና ምክንያት ነው።

አንድ የገበያ ቀን ተኩስ ተነሳ። የሱቁ መደዳ በሙሉ የላሜራ በሩን ጓ! ጓ! አድርጎ ዘጋ። የስምንት ዓመቷ ሶስና ከእኔ ጋር ሱቅ ውስጥ ነበረች። ማንም አልተጎዳብንም። ከዚያ ወዲህ ግን በር ጓ ባለ ቁጥር ከበርበሬ ጆንያ ኋላ ትደበቃለች። ተኩስ አያስፈልግም፤ በሩ ይበቃታል። ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደው መንገድ በሱቆቹ መሀል ስለሚያልፍ ትምህርቷንም ተወች።

ስታለቅስ "እሺ፣ ዛሬ ቅሪ" እላታለሁ። ከረሜላም እሰጣታለሁ። አባት ነኝ፣ ምን ላድርግ።

ይህን ስነግራቸው እትዬ ይርጋለም የያዙትን በርበሬ አስቀምጠው አዩኝ። "ታዲያ አሁን ምን አስተማርካት?"

"እኔ በርበሬ ሻጭ ነኝ እትዬ፤ ማስተማሩ የእርስዎ ነው" አልኩ። ተናድጄ ነበር።

"ማን ነገረህ? ቀኑን ሙሉ ስታስተምር ነው የምትውል! ጀርባዬን ሳዞር ዋጋ የምትቀንስልኝ አንተ። ጀርባ ማዞሩን ማን ያስተማረኝ ይመስልሃል?"

ጎረቤቶቼ ሳቁብኝ። እኔም ከዚያ ወዲህ ጀርባ ላዞረ ሰው መጥራት ትቻለሁ።

ከዚያ ተቀምጠው አስረዱኝ። ምግብ ሊሰጠው ሲል ደወል እየተደወለለት የኖረ ውሻ፣ ኋላ ምግቡ ባይመጣም ደወሉን ሲሰማ ለሃጩ ይንጠባጠባል። ሶስናም በሩንና ተኩሱን አንድ ላይ ሰማች። "ከረሜላህ ደግሞ ፍርሃቷን ይቀልባል" አሉኝ። "ባለቀሰች ቁጥር ከበሩ ትገላገላለች፣ ጣፋጭ ትበላለች። አንተ ብትሆን ማልቀስ ትተዋለህ?"

በማግስቱ ሸንኮራ ይዘው መጡ። ሶስናን ከሱቄ አራት በር ያህል አርቀው አቆሟት። እሷ ሸንኮራዋን ስትበላ እኔ በሬን በቀስታ፣ ድምፁ ለመሰማት ያህል ብቻ ገፋሁ። ጣፋጩ አሁን ከልቅሶዋ ሳይሆን ከበሩ ድምፅ ጋር እንዲመጣ ነው፤ ከዚያ ቀስ በቀስ መቅረብ ነው። አላስቸኮሏትም፣ እኔንም "አታስቸኩላት" አሉኝ። የምታደርገውን ብቻ እንድጽፍ አዘዙኝ። ማስታወሻዬ አሁን ፊቴ ተከፍቷል፦ "ሰኞ። ሦስት በር ርቀት። ጆሮዋን ያዘች። አልሮጠችም።" "ዓርብ። ሁለት በር። መብላቷን አላቆመችም።"

ደጃችን ልትደርስ ስትል ሌላ ተኩስ ተሰማ። እንደገና ጆንያ ኋላ።

"ልፋታችን ፈሰሰ" አልኩ።

"አልፈሰሰም። ሁለተኛው ዙር ይፈጥናል" አሉ። እውነትም ፈጠነ። ትምህርቷን ጀመረች።

አንድ ቀን ግን ጠየቅኳቸው። "እትዬ፣ በሩን መፍራት ከተወች፣ የእውነቱ ሲመጣ ማን ያስሮጣታል?" መልስ የማያጡት ሴት "ይኼን እኔም አላውቅ" አሉኝ። ጥያቄው እስካሁን ከእኔ ጋር ነው።

የሚቆጨኝ ሌላም አለ። የልብ ሕመም እንደነበረባቸው ዛሬ ቡሬ ካለችው እህታቸው ሰማሁ፤ ያረፉትም እሷ ዘንድ ነው። የሱቄን ደረጃ ሲወጡ ቆም ቆም ይሉ ነበር። አይቻለሁ። ዋጋ ሊያስቀንሱኝ መስሎኝ ነበር።

ቀብራቸው ነገ ከቀኑ ስድስት ሰዓት እዚሁ ከተማችን ነው። አስከሬኑ ከቡሬ ሲገባ እንደ ወጉ መደዳው ሁሉ ሱቁን ይዘጋል። ሁሉም በር፣ በአንድ ጊዜ። ሶስና ያን ድምፅ ከተኩስ ቀን በቀር ሰምታው አታውቅም።

ጅጋ ከተማ አክስቷ ዘንድ ልልካት ብዬ ልብሷን ማጠፍ ጀምሬ ነበር። "አሁን ምን አስተማርካት?" የሚለው ድምፃቸው መጣብኝ። ልብሱን መለስኩና ሁሉንም ነገርኳት።

"የኛን በር እኔ ልዝጋው?" አለችኝ። እሺ አልኳት። ትችል እንደሆነ አላውቅም።

የመደዳችን ሰዎች፣ ይህን የምታነቡ ሁሉ፦ ነገ በራችሁን አታጋጩ። ተራ በተራ፣ ቀስ አድርጋችሁ ዝጉ። የመጀመሪያው የእኛ ይሁን። እባካችሁ ጠብቋት።

እትዬ ይርጋለም፣ ነገ በዚህ ሲያልፉ መጀመሪያ የሚዘጋው በር የተማሪዎ ነው። ቢዘገይ አይቆጡን፤ አታስቸኩላት ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ሸንኮራውን እኔ እይዝላታለሁ።

ደህና ይሂዱልን።